ማይክ ከመግዛትህ በፊት ያለውን ማይክ አርቀው (ስለ ካምብሪጁ የገና መዝሙር ለጠየቅከው)

ሰላም ወንድሜ፣ ባጭሩ ልመልስልህ ብዬ ሶስቴ ጽፌ ሶስቴ አጠፋሁት፣ ይሄ ነገር ሲያሳጥሩት ውሸት ይሆናል፣ ስለዚህ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል።

ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ጥያቄህን ልድገመው። አንተ በቤተክርስቲያናችሁ የሳውንድ አገልጋይ ነህ። የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ማታ ሬዲዮ ከፍተህ ከካምብሪጅ፣ ከኪንግስ ኮሌጅ በቢቢሲ የሚተላለፈውን የመዝሙር ፕሮግራም ሰማህ፣ መጀመሪያ አንድ ልጅ ብቻውን ጀመረ፣ ቀጥሎ ኳየሩ ገባ፣ ከዛ ኦርጋኑና ሕዝቡ፣ አንተም "ይሄ ድምፅ ከሰው አፍ ነው የሚወጣው ወይስ ከጣራው?" አልክ። የናንተ ኳየር ግን 12 ማይክ ተተክሎለት በፌስቡክ ላይቭ ሲሰማ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። አሁን ትንሽ በጀት ተፈቅዶልሃል፣ የትኛውን ማይክና የትኛውን ሪቨርብ (ድምፁ ትልቅ ቤት ውስጥ የሚያስተጋባ የሚያስመስል መሳሪያ) ልግዛ ነው ጥያቄህ፣ ከስር ደግሞ "ልጁ በእውነት ላይቭ ነው ወይስ ቀድሞ ተቀርጾ?" ብለሃል።

ከጣራው ነው። ለቀልድ እንዳልከው ገብቶኛል ግን መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፣ እኔ የምጨምረው ማብራሪያውን ነው።

እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር በሳውንድ ስራ ነው የምተዳደረው፣ ከስቱዲዮ ውጪ በሚቀረጹና በሚተላለፉ ኮንሰርቶችና የቤተክርስቲያን አገልግሎቶች ላይ ኬብል ከመጠቅለል ጀምሬ አሁን ሚክሰሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ከዛ በፊት አዲስ አበባ ኳየር ውስጥ ቤዝ ነበርኩ፣ ሞኒተር (ወደ ዘማሪው የዞረው ስፒከር) እየጮኸብኝ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ ስንት ዓመት እንደዘመርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ያንተን ቤት አውቀዋለሁ፣ የነሱንም ቤት አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ሪቨርብ የሚባል መሳሪያ እዛ አያስፈልግም። ቤቱ ራሱ ነው ሪቨርቡ። ያ ቻፕል (የኮሌጁ ጸሎት ቤት) በንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ዘመን በ1446 ተጀምሮ በ1515 ነው ግንባታው ያለቀው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትደባልቀው)። ርዝመቱ 88 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሜትር አካባቢ፣ ከፍታው 24 ሜትር፣ ማለት ጠባብና ረጅም ኮሪደር ሆኖ ጣራው ግን እስከ 8 ፎቅ የሚደርስ። ጣራውም ድንጋይ ነው፣ እንደተዘረጋ ማራገቢያ ሆኖ የተጠረበ፣ ጆን ዋስቴል የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ከ1512 እስከ 1515 ነው የጨረሰው። ድምፅ እዛ ውስጥ ከወጣ ቶሎ አይሞትም፣ ድንጋዩን እየመታ ይመለሳል፣ ግን ጣራው ሩቅ ስለሆነና ቅርጹም የተወሳሰበ ስለሆነ እየተበታተነ ነው የሚመለሰው፣ እንደ ገደል ማሚቶ ቃሉን ደግሞ አይጮህብህም።

አሁን ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብለህ አንብበው። ከዘማሪው አፍ የወጣ ድምፅ ማይኩ ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቀጥታ ይመጣል፣ ሌላው ግድግዳና ጣራ መትቶ ዞሮ ይመጣል። በቀጥታ የሚመጣው ማይኩን ባራቅክ ቁጥር ይደክማል፣ ርቀቱን እጥፍ ስታደርገው በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይወርዳል። ዞሮ የሚመጣው ግን ቤቱ ውስጥ የትም ብትቆም መጠኑ ያን ያህል አይለያይም። ስለዚህ ማይኩ አፍ ላይ ከተደቀነ የምትሰማው አፍ ነው፣ ምራቁ ትንፋሹ ሳይቀር። በጣም ከራቀ ደግሞ የምትሰማው ቤቱን ብቻ ነው፣ ቃሉ ይጠፋል፣ ሾርባ ይሆናል። በመሃል ግን ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ቦታ አለ፣ ያ ቦታ ከቤት ቤት ይለያያል፣ የሳውንድ ሰው ሙያ ያን ቦታ በጆሮ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሌላው ሁሉ ኬብል ነው።

ታዲያ ማይኩ የት ይሆናል? በእንደዚህ ዓይነት ስርጭት ዋናው ነገር ከኳየሩ በላይ ከፍ ብሎ በረጅም ስታንድ የተሰቀለ ወይ በቀጭን ሽቦ ከላይ የወረደ ጥንድ ማይክ ነው። ሁለቱ እንደ ግራና ቀኝ ጆሮ ይሰራሉ፣ ይሄ የስቴሪዮ ሀሳብ ራሱ እንግሊዝ አገር አለን ብለምላይን የሚባል ኢንጂነር በ1931 ያስመዘገበው ነው። ከዛ ውጪ ለኦርጋኑ፣ ለሚያነበው ሰው፣ ለሕዝቡ ለየብቻ ማይክ ይኖራል፣ ግን እነዚህ ቅመም ናቸው፣ ወጡ ጥንዱ ነው። ኳየሩ ራሱ ደግሞ እንደናንተ ወደ ሕዝቡ ዞሮ መድረክ ላይ አይቆምም። ሁለት ረድፍ ሆኖ ፊት ለፊት ይተያያል፣ አንዱን ወገን ዴካናይ ሌላውን ካንቶሪስ ይሉታል፣ አንዱ አንድ ቁጥር ይላል ሌላው ይቀበላል። ቅኔ ማኅሌት ገብቶ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ሲቀባበሉ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ እንደማለት ነው። ለሬዲዮ ደግሞ ይሄ አቋቋም ስጦታ ነው፣ ማይኩን መሃል ላይ ከፍ አድርገህ ስትሰቅለው ግራው በግራ ቀኙ በቀኝ ራሱ ይመጣልሃል። የኪንግስ ኳየር 16 ወንድ ልጆችና 14 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው፣ አልቶውን የሚዘምሩት ሴቶች ሳይሆኑ በፋልሴቶ፣ ማለት ድምፃቸውን አቅጥነው የሚዘምሩ ጎልማሶች ናቸው። በነገራችን ላይ "ወንድ ልጅ ብቻ" የሚለው አሁን በየቦታው እየተቀየረ ነው፣ ሶልስበሪ ካቴድራል የሴት ልጆች ኳየር በ1991 ጀመረ፣ ከዛ ሌሎቹ ተከተሉ። እኔ ጆሮዬ ልዩነቱን ሁልጊዜ ይለያል ብዬ አልምልልህም፣ ሁሌ እለያለሁ የሚል ሰው ካገኘህ ዓይኑን አስጨፍነህ ፈትነው።

ሌላ ሰው የማይነግርህ ነገር ደግሞ፣ ሙዚቃው ራሱ ለቤቱ የተሰፋ ልብስ ነው። ኸርበርት ሃውልስ የሚባል አቀናባሪ ነበር (ከ1892 እስከ 1983 የኖረ)፣ ለማታ ጸሎት የሚሆኑ ሁለቱን መዝሙሮች፣ ማለት የማርያምን "ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች" እና የስምዖንን "ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ"፣ በየቦታው ላሉ ካቴድራሎችና ቻፕሎች ለየብቻ እየለካ ጻፈ። ለኪንግስ ኮሌጅ በ1945፣ ለግሎስተር ካቴድራል በ1946፣ ለለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ በ1951። ቅዱስ ጳውሎስ ግዙፍ ጉልላት አለው፣ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ከተመታ በኋላ ድምፁ እስከ 8 ሰከንድ አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ እዛ ኮርዱን ቶሎ ቶሎ ብትቀያይር የመጀመሪያው ሳይሞት ሁለተኛው ይደረብበትና ጭቃ ይሆናል። ሃውልስ ያደረገው ኮርዱን ቀስ ብሎ መቀየር ነው፣ አንዱ ላይ ይቆያል፣ ቤቱ እስኪጠጣው ይጠብቃል፣ ከዛ ይራመዳል። አየህ፣ ሪቨርቡ ኖታው ላይ ተጽፏል። የኛ ኳየሮች ያንን ቀረጻ ሰምተው በሞቀ ቴምፖ፣ በድራምና በቤዝ ጊታር ለሚዘመር መዝሙር ያንኑ ሪቨርብ ሲጨምሩበት ለምን እንደሚበላሽ አሁን ይገባሃል። ችግሩ ፕላጊኑ (ሪቨርቡን የሚሰራው ሶፍትዌር) አይደለም፣ መዝሙሩ ያን ቤት አያውቀውም።

አዘማመሩም እንደዛው ነው። ልጆቹ ድምፃቸውን አያንቀጠቅጡም፣ ቀጥ አድርገው ነው የሚይዙት፣ ምክንያቱም የ16 ልጅ ቫይብሬቶ ጣራው ስር ሲደባለቅ ኖታው የቱ እንደሆነ አይለይም። የቃሉን መጨረሻ ደግሞ፣ በተለይ "ስ"ን፣ ሁሉም እኩል እንዲያስቀምጡ ቁም ስቅላቸውን ያያሉ፣ 30 ሰው በ30 የተለያየ ጊዜ "ስ" ካለ እባብ ጉድጓድ የገባህ ይመስልሃል። መዝሙረ ዳዊትን በአንግሊካን ዜማ ሲሉ ብትሰማ ደግሞ 10 ወይ 20 ኮርድ ብቻ ነው ያለው፣ ረጅሙም አጭሩም ቁጥር እዛችው ላይ ይጠመዳል፣ ምቱ የሙዚቃ ሳይሆን የንግግር ነው፣ 30 ሰው እንደ አንድ ሰው ማንበብ ማለት ነው። ለኔ ከዋናው መዝሙር ይልቅ የኳየሩ ጥራት የሚታወቀው እዛ ነው፣ ማጭበርበር አይቻልም።

ይሄ ሁሉ በየቀኑ የሚሰራ ስራ ነው እንጂ ለገና ብቻ የሚወጣ የክት ልብስ አይደለም። በየካቴድራሉ የሠርክ ጸሎት አለ፣ ኢቨንሶንግ ይሉታል፣ ሳምንቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘመራል፣ አንዳንዴ ከኳየሩ ያነሰ ሰው ነው ቁጭ ብሎ የሚሰማው። ሬዲዮው ይሄን ማስተላለፍ የጀመረው ጥቅምት 7 ቀን 1926 ከዌስትሚንስተር አቢ ነው (የነሱ ኦክቶበር ማለቴ ነው)፣ ቢቢሲ ራሱ ከተመሰረተ ገና 4 ዓመቱ ነበር። ከዛ ጀምሮ እስካሁን አለ፣ ቢቢሲ ከስቱዲዮ ውጪ ከሚያስተላልፋቸው ፕሮግራሞች ይሄን ያህል ዕድሜ ያለው ሌላ የለም። አስበው፣ ያኔ ከካቴድራሉ ወደ ስቱዲዮ ድምፁ የሚሄደው በስልክ ሽቦ ነበር፣ ቀጭኑን ድምፅ ሽቦው ይበላው ስለነበር እሱን የሚያካክስ መሳሪያ ጫፉ ላይ ይገጥሙ ነበር። ኤፍኤም እንግሊዝ አገር የተጀመረው በ1955 ነው፣ ስቴሪዮው ደግሞ በ1966። ስለዚህ ለ40 ዓመት ያህል ሰው ያንን ሁለት ረድፍ የቆመ ኳየር በአንድ ስፒከር በሞኖ ነበር የሚሰማው፣ ግን ይሰማው ነበር። ይሄን የምልህ በኋላ ስለ ስልክህ ስለማነሳ ነው።

የገናው ፕሮግራም ታሪክ ደግሞ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። ኤሪክ ሚልነር ዋይት የሚባል ጦር ሜዳ የዋለ የሠራዊት ቄስ ኪንግስ ኮሌጅ ዲን (የጸሎት ቤቱ ኃላፊ) ሆኖ ተሾመ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 6 ሳምንት ማለፉ ነበር፣ በ1918 የገና ዋዜማ ይሄን ሥርዓት አስጀመረ። ዘጠኝ ንባብ፣ በየመሃሉ መዝሙር። ሀሳቡን የወሰደው በ1880 ትሩሮ በሚባል ከተማ ከተጀመረ ሥርዓት ነው፣ እዛ ካቴድራሉ ገና እየተሰራ ስለነበር በእንጨት ቤት ውስጥ ነበር የተዘመረው። (ይሄን ለናንተ ኮሚቴ ንገርልኝ፣ ሕንፃው እስኪያልቅ እንጠብቅ ለሚሉት።) አንባቢዎቹ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ መጀመሪያ ከኳየሩ ልጆች አንዱ ያነባል፣ መጨረሻ ላይ የኮሌጁ ኃላፊ። በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ተላለፈ፣ ከ1930 በስተቀር ቀርቶ አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳን የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ለጥንቃቄ ተነስቶ፣ ማሞቂያ ሳይኖር፣ ከየት እንደሚተላለፍ ስሙ ሳይጠራ ተላልፏል።

አሁን ወደ ልጁ። ላይቭ ነው። በነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው የሚጀመረው፣ አዲስ አበባ ማታ 12 ሰዓት ማለት ነው፣ አንተ የሰማኸው በዛች ደቂቃ እየተዘመረ ነበር። ግራ የሚያጋባህ በቴሌቪዥን የሚወጣው ሌላ ፕሮግራም ስላለ ነው፣ እሱ በዲሴምበር መጀመሪያ ሰሞን ቀድሞ የሚቀረጽ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከሱ የተቆረጡ ናቸው። የሬዲዮው ግን እውነተኛ ላይቭ ነው። ልጁ ማን እንደሆነ እንኳን አስቀድሞ አይነገረውም፣ ከልጆቹ ጥቂቶቹ ተዘጋጅተው ይቆማሉ፣ ሊጀመር ሲል ኳየር መሪው አንዱን ይጠቁመዋል፣ ሌሊቱን በፍርሃት እንቅልፍ አጥቶ እንዳያድር ነው። ከዛ ኦርጋን የለ ምን የለ፣ ኖታ ይሰጠዋል፣ ይጀምራል።

እዚህ ጋ የሚያስፈራኝ ግን ሰው የሚያስበው ነገር አይደለም። ልጁ አይሳሳትም፣ ስንት ዓመት ተለማምዷል። የሚያስፈራው ሶስተኛው ስንኝ ነው። አንደኛውን ልጁ ብቻውን፣ ሁለተኛውን ኳየሩ ያለ ኦርጋን፣ ሶስተኛው ላይ ግን ኦርጋኑና ሕዝቡ ይገባሉ። ኳየሩ በነዛ ሁለት ስንኞች ውስጥ ትንሽ እንኳን ከቁልፉ ከወረደ ኦርጋኑ ሲገባ እንደ ደረጃ መሰናከል ሆኖ ለዓለም ሁሉ ይሰማል። ኦርጋን ደግሞ ራሱ አይቆምልህም፣ ቤቱ 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የቱቦዎቹ ድምፅ 3 ሴንት ያህል ከፍ ይላል (100 ሴንት ማለት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው)። ባዶ ቤት ጠዋት የተለማመዱበት ኦርጋንና ከሰዓት በሰው ትንፋሽ የሞቀው ኦርጋን አንድ አይደለም። በዛ ላይ ሳውንድ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም፣ ውጪ የስርጭት መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እጁን ይጨብጣል እንጂ።

ሰው ሲባል ትዝ ያለኝ፣ የራሴን ጥፋት ልንገርህ፣ የቤተክርስቲያኑን ስም አልጠራም። አንድ ክረምት ለገና ቀረጻ ማይክ ከዋዜማው ሰቀልኩ፣ ኳየሩ ባዶ ቤት ውስጥ ሲለማመድ የሰማሁት ድምፅ እንባ የሚያመጣ ነበር፣ ትንሽ የበዛ መስሎኝ ማይኮቹን አቀረብኳቸውና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ሕዝቡ ገባ። አገሩ ብርድ ነው፣ ሁሉም ወፍራም ካፖርት ለብሷል። ሰውና ካፖርት ደግሞ ድምፅ ይጠጣል፣ በተለይ ቀጭኑን። ያ ሁሉ ጣራ የወርቅ ድምፁን አጣ፣ ኳየሩ ሳሎን ውስጥ የሚዘምር መሰለ፣ ማይኩ ደግሞ በሽቦ ተሰቅሏል፣ ቅዳሴ መሃል መሰላል ይዤ አልገባ። ያን ቀን ሪቨርብ ከማሽን ጨመርኩ፣ አሳፈረኝ። ከዛ ወዲህ ባዶ ቤት ውስጥ ድምፁ ሲበዛብኝ ዝም እላለሁ፣ ነገ ካፖርቱ ይበላዋል እላለሁ።

መኪናው ውስጥ የሚሰራው ሌላ ስራ ልኩን መጠበቅ ነው። አንድ ልጅ በሹክሹክታ ጀምሮ ኦርጋኑ በሙሉ ሲለቀቅ ያለው ልዩነት ሬዲዮ የሚችለው አይደለም፣ መኪና እየነዳ የሚሰማው ሰው ልጁን አይሰማውም ወይ ኦርጋኑ ያደነቁረዋል። አንተ ኮምፕረሰር (ድምፅ ሲጎላ ራሱ የሚያወርድ መሳሪያ) እንደምትል አውቃለሁ። የጥንቶቹ ያስተማሩኝ ግን ኖታውን ፊትህ ዘርግተህ እጅህን ፌደር (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ላይ ማድረግ ነው፣ ኦርጋኑ ሊመጣ ሁለት መስመር ሲቀረው ቀስ ብለህ ታወርዳለህ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ሲመጣ ትልቅ ሆኖ ይመጣል ግን አይጋጭም። ኮምፕረሰር ከተመታ በኋላ ነው የሚነቃው፣ አንተ ግን ኖታ ካነበብክ ቀድመህ ታውቃለህ። ስለዚህ ሳውንድ አገልጋይ መዝሙሩን በቃሉ ይወቅ፣ ልምምድ ላይ ይገኝ፣ ይሄ ከማይክ ዋጋ በላይ ነው። ሰዓቱ ደግሞ አለ፣ ሬዲዮ በሰከንድ ነው የሚሰራው፣ ጸሎትን ግን አታፋጥነውም። መውጫው መጨረሻ ላይ ኦርጋኑ ብቻውን የሚጫወተው ረጅም ቁራጭ ነው፣ ቮለንተሪ ይባላል፣ ጊዜ ካለቀ እሱ ላይ ቀስ ብለህ ትዘጋለህ፣ ጊዜ ከተረፈ ይጫወት። ለሬዲዮ ብለው የፈጠሩት አይደለም ግን ለሬዲዮ የተፈጠረ ይመስላል። ዝምታም ላይ ማይኩን አትዘጋም፣ ሰው ተንበርክኮ ዝም ሲል የቤቱን አየር ማስተላለፍ አለብህ፣ ዘግተኸው ፍጹም ጭጭ ካለ ሰሚው ሬዲዮኔ ተበላሸ ይላል፣ ጣቢያውም ዝምታ ሲረዝም የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለው።

"ታዲያ ስቱዲዮ ውስጥ የሚዘምሩትስ?" ማለትህ አይቀርም። ቢቢሲ ከ1924 ጀምሮ የራሱ ደሞዝተኛ ኳየር አለው፣ ቢቢሲ ሲንገርስ ይባላል፣ በ2023 ሊዘጋ ተወስኖ ጩኸት ሲበዛ የተመለሰው እሱ ነው። ከ1934 ጀምሮ ቢቢሲ የተጠቀመበት ሜዳ ቬል የሚባለው ስቱዲዮ ደግሞ መጀመሪያ የስኬቲንግ አዳራሽ የነበረ ቤት ነው። በድሮ ጊዜ ደረቅ ስቱዲዮ ውስጥ የተዘመረን ድምፅ ለማራስ የሚያደርጉት፣ ምንም የሌለበት ግድግዳው ልስን የሆነ ክፍል ውስጥ ስፒከር ያስቀምጣሉ፣ ድምፁን እዛ ይለቁታል፣ እዛው በሌላ ማይክ መልሰው ይቀዱታል። አየህ፣ የመጀመሪያው ሪቨርብ ራሱ ክፍል ነበር። አሁን አንተ ፕላጊን ላይ "ቻምበር" የሚል የምታየው ከዛ የቀረ ስም ነው። እናቴ በልጅነቷ በብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ (ከ1963 እስከ 1977 አዲስ አበባ የነበረው) ትሰማቸው ስለነበሩ መዝሙሮች ስታወራ "ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ነበር" ትለኛለች፣ የሬዲዮው ርቀት ይሁን የማይኩ ርቀት አልጠየቅኳትም፣ ግን "ከሩቅ" የሚለውን እንደ ሙገሳ ነው የምትናገረው።

እሺ፣ ወደ ቤትህ። 12 ማይክ ያልከው ነው ቆርቆሮው። አንዷ ሶፕራኖ ስትዘምር ድምጿ ለራሷ ማይክ ወዲያው ይገባል፣ 1 ሜትር ራቅ ብሎ ወዳለው ወደ ጎረቤቷ ማይክ ደግሞ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይገባል፣ ወደ ሶስተኛው ሌላ ጊዜ። ሚክሰሩ ላይ ሁሉም ሲደመሩ አንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ይደጋገፋል አንዳንዱ ይጠፋፋል፣ ድምፁ ተቦርቡሮ ባዶ ይሆናል። ምንም ኢኪው (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) አይመልሰውም። በዛ ላይ 12 ማይክ እኩል ከተከፈተ ከአንድ ማይክ ጋር ሲተያይ የክፍሉ ጫጫታ በ11 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል፣ የጀነሬተሩ፣ የሞኒተሩ፣ የሕፃናቱ። ሌላ 4 ውድ ማይክ ብትገዛ ችግሩን በ4 ጨመርከው።

መጀመሪያ የአዳራሹንና የላይቩን ድምፅ ለያይ። ለአዳራሹ ስፒከር የግድ ቅርብ ማይክ ያስፈልግሃል፣ አለዚያ ይጮሃል፣ እሱን ተወው እንዳለ። ለላይቩ ግን ሁለት ኮንደንሰር ማይክ (ከሩቅም ጥርት አድርጎ የሚቀበለውን ዓይነት) ብቻ ውሰድ፣ ካላችሁ ከነዛው 12ቱ ውስጥ፣ ከኳየር መሪው ጀርባ በረጅም ስታንድ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ወደ ኋላ ረድፍ አዘንብላቸው። ሁለቱን ጫፍና ጫፍ አታራርቃቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ራሶቻቸውን አገናኝተህ በ90 ዲግሪ ግራና ቀኝ አድርጋቸው፣ ምክንያቱም ላይቩን የሚሰማው ሰው አብዛኛው በስልክ ስፒከር ነው፣ ማለት ወደ ሞኖ የቀረበ ነው፣ ተራርቀው የተተከሉ ማይኮች ሞኖ ሲሆኑ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ የተገናኙት ግን አይጠፉም። የ1930ዎቹ ሰው በአንድ ስፒከር ካቴድራል ከሰማ ያንተም ሰው በስልክ ይሰማል። ፌደሩን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ከፍተኛው ጩኸት በሚክሰሩ መለኪያ ከዜሮ በታች 10 ወይ 12 ዲሲቤል ላይ ይቁም።

አሁን "አልሰራም" ብለህ ትመለሳለህ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ የኪንግስ ኳየር ፊት ለፊቱ ሞኒተር የለም፣ ድራም የለም። እናንተ ጋ ሩቅ የቆመ ማይክ ከኳየሩ በፊት ሞኒተሩን ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ መዝሙር ሞኒተሩን ዝጉና በኪቦርድ ብቻ፣ ወይ ያለ ምንም ይዘምሩ። ዘማሪዎቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ "አልሰማም" ይላሉ፣ አንተ "ጎረቤታችሁን ስሙ" በላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ቀስ ብለው መዘመር ይጀምራሉ፣ ኳየር መሪያችሁ እሺ ካለ ማለት ነው፣ ኳየር መሪን ማሳመን የኔ ሙያ አይደለም።

ቤታችሁ የቆርቆሮ ጣራ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የምትሰማው ክፍል ጥሩ ክፍል ስላልሆነ ማይኩን በጣም ማራቅ አይጠቅምህም፣ 1 ሜትር ተኩል ላይ አቁመህ አጭር ሪቨርብ፣ ከ2 ሰከንድ ያልበለጠ፣ በስሱ ጨምርበት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል፣ እሱን እኔም አላውቅበትም። በጀቱን ማይክ ላይ ከምታወጣው ከኳየሩ ጀርባ ወፍራም መጋረጃና ረጅም ስታንድ ግዛበት፣ ጀነሬተሩንም ከግድግዳው አርቃችሁ አስቀምጡት።

ከዚህ በላይ ሳላይ መናገር ግምት ነው። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ስልክህን ይዘህ ኳየር መሪው ጋ ቁም፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብና ድምፁ እስኪጠፋ ዝም በል፣ ከዛ 5 እርምጃ ወደ ኋላ ሄደህ ድገም፣ ከዛ በር ላይ ሆነህ ድገም። ሶስቱንም ቀረጻ፣ የጣራውን ከፍታና የአዳራሹን ፎቶ ላክልኝ፣ ማይኩ የት እንደሚቆም ከዛ በኋላ እነግርሃለሁ።